ከባዝ እስከ ፕሌዘንተን፣ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ቀበሌ፦ ያልደረሰን ትንሹ ሸንጎ

ከፕሌዘንተን፣ ካሊፎርኒያ

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ መንግሥት ስናወራ ዓይናችን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ንጉሡ ምን አደረጉ፣ ሊቀ መንበሩ ምን አሰቡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምን ተናገሩ። በውጭ የምንኖረው ደግሞ ይብስብናል። ባለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታት በየድረ ገጹ የጻፍነውን ሰብስቦ የሚመዝን ሰው ቢገኝ፣ ስለ አንቀጽ 39 የተጻፈው ተራራ ያክላል፤ ስለ አንድ ሰፈር የውሃ ቧንቧ የተጻፈው ግን ከእፍኝ አይሞላም። ይህ ጽሑፍ የሚያደላው ወደ ቧንቧው ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የታሪካችን አንድ ትልቅ ክፍተት እዚያው ቧንቧው አጠገብ ያለ ስለሚመስለው ነው።

እስቲ ከምኖርባት ከተማ ልጀምር። ፕሌዘንተን ከሳን ፍራንሲስኮ በስተምሥራቅ፣ ከኦክላንድ ኮረብቶች ባሻገር የምትገኝ፣ ሰማንያ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። በሕዝብ ብዛት ከአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ታንሳለች። የሚያስተዳድሯት አምስት ሰዎች ናቸው፤ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጥ አንድ ከንቲባና በየአራት ዓመቱ የሚመረጡ አራት የምክር ቤት አባላት። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያካሂደው ምክር ቤቱ በደመወዝ የሚቀጥረው፣ ካልተስማማውም የሚያሰናብተው ሥራ አስኪያጅ ነው። አምስቱ ሰዎች በአብዛኛው በወር ሁለት ማክሰኞ ማታ ይሰበሰባሉ። የሚነጋገሩትን ለሰማ እንግዳ ነገሩ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። የአንድ ነባር ዛፍ መቆረጥ፣ የአንድ ምግብ ቤት የበረንዳ ፈቃድ፣ በትምህርት ቤት አጠገብ የሚተከል የትራፊክ መብራት። የአክሱምን ሐውልት ለማስመለስ ስንሟገት የኖርን ሰዎች ለዚህ ምን ትዕግሥት አለን?

ነገር ግን ከዛፉ ጀርባ ሕግ አለ። በ1952 እ.ኤ.አ. አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጠኛ የካሊፎርኒያ ከተሞችና አውራጃዎች ምክር ቤቶች እንዴት በር ዘግተው እንደሚወስኑ ተከታታይ ዘገባ ጻፈ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1953፣ ራልፍ ብራውን የተባለ የሞደስቶ ከተማ እንደራሴ ያቀረበው ሕግ ጸደቀ። ብራውን አክት የሚባለው ይህ ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል። መደበኛ ስብሰባ ከመካሄዱ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት አጀንዳው ሕዝብ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት፤ በአጀንዳው ላይ ያልሰፈረ ጉዳይ በዚያ ማታ ሊወሰን አይችልም፤ ማንም ሰው፣ ስሙን እንኳ ሳይናገር፣ ተነሥቶ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላው ድንጋጌ ነው። የምክር ቤቱ አብላጫ አባላት ከስብሰባው ውጭ ተገናኝተው በከተማው ጉዳይ መምከር አይፈቀድላቸውም። ከአምስቱ ሦስቱ በአንድ እራት ላይ ተገናኝተው ስለ መንገድ ጥገና ቢያወሩ ሕግ ተላለፉ ማለት ነው። «ጉዳዩን ትናንት ማታ እቤት ጨርሰነዋል» የሚለውን የአገራችንን የሹማምንት ወግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ድንጋጌ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ይመስላል።

ለምሳሌ ውሃውን እንውሰድ። ፕሌዘንተን ለረጅም ጊዜ የውሃዋን አንድ አምስተኛ ያህል የምታገኘው ከራሷ ጉድጓዶች ነበር። በጉድጓዶቹ ውስጥ ፒፋስ የሚባሉት በቀላሉ የማይፈርሱ ኬሚካሎች በመገኘታቸው ከተማዋ በ2022 ከራሷ ጉድጓዶች መሳቧን አቆመች። ከዚያ በኋላ ውሃውን በሙሉ ከአካባቢው የጅምላ አቅራቢ መግዛት ግድ ሆነ፤ ዋጋውም መጨመር ነበረበት። እዚህ ላይ ሌላ ሕግ ይገባል። በ1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፁ ባጸደቀው ፕሮፖዚሽን 218 መሠረት የውሃ ታሪፍ ከመጨመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ባለንብረት ደብዳቤ ይላካል፤ 45 ቀን ይሰጣል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጽሑፍ ከተቃወሙ ጭማሪው ይወድቃል። በፕሌዘንተን ተቃውሞው እዚያ አልደረሰም፤ ጭማሪው በ2023 ጸደቀ። ሰው ተናደደ፣ ተናገረ፣ ተሸነፈ፣ ከፈለ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ሁሉ የዚህን ሽንፈት ክብር ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ለመሆኑ ይህ ልማድ ከየት መጣ? አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ወረሱት፤ እንግሊዞችም ቢሆኑ ከሰማይ አልወረደላቸውም። በ1835 እ.ኤ.አ. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ 178 የሚሆኑ የእንግሊዝና የዌልስ ከተሞችን ከጥቂት ነጋዴ ቤተሰቦች ዝግ ማኅበር አውጥቶ በምርጫ ምክር ቤት ሥር አደረጋቸው። ያኔ መራጩ ለከተማው ግብር የሚከፍለው ወንድ ብቻ ነበር፤ ተከራይቶ ጓሮ ያደረ ድሃ አይመርጥም። ወደ ገጠሩ ቀበሌ የወረደው በ1894 ነው፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ብዙ የእንግሊዝ የገጠር መንደሮች የተመረጠ ሸንጎ አገኙ፤ ሴቶችም በዚያ ሸንጎ የመመረጥ መብት ተሰጣቸው። (ፕሌዘንተንም ከተማ ተብላ በሕግ የተቋቋመችው በዚያው በ1894 ነው። እኛ ዘንድ አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ውል የሰጡበት ዓመት መሆኑ ነው። ባቡሩ ቀድሞን መጣ፤ ሸንጎው ቀረ።)

የእንግሊዝን ከተማ ሸንጎ በቅርብ ያየ አንድ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ነበረ፤ ራሳቸው ጃንሆይ። ከማይጨው በኋላ በስደት ላይ ሳሉ ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ ሃውስ የተባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 እ.ኤ.አ. እዚያ ኖሩ። በ1954 ወደ ባዝ ተመልሰው ሲመጡ ከተማዋ የክብር ነዋሪነት ሰጠቻቸው። በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መጠጊያ እንዲሆን ሰጡ። ስጦታው ለንግሥቲቱ አልነበረም፣ ለለንደን መንግሥትም አልነበረም፤ ለባዝ ከተማ ነው። ከተማ ማለት ራሱን የቻለ አካል፣ ንብረት የሚቀበልና የሚያስተዳድር፣ ክብር የሚሰጥና የሚነሣ መሆኑን ንጉሠ ነገሥቱ በሚገባ ተረድተዋል ማለት ነው።

እና በአገራቸውስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመው። ባዝ ክብሯን በሰጠቻቸው በዚያው ዓመት፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ አበባ ቻርተር ሰጡ።

ወደ ኋላ ትንሽ እንመለስ። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ከጎንደር የመጣ ነው፤ የጎንደርን ከተማ የሚገዛው ሹም መጠሪያ ነበር። አዲስ አበባ ከንቲባ ያገኘችው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ሲሆን የመጀመሪያው ተብለው የሚጠቀሱት ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ማዘጋጃ ቤቱን መርተዋል። እነዚህ ሁሉ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝብ የላካቸው ሰዎች አልነበሩም። ከነፃነት በኋላ በ1945 እ.ኤ.አ. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በከፍተኛ ደረጃ ማዘጋጃ ቤትነት፣ ሌሎቹን ከተሞች በዝቅተኛ ደረጃ መደበ። የ1954ቱ ቻርተር ከዚያ አንድ እርምጃ የሄደ ነው። የአዲስ አበባ ሰዎች ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት የራሳቸውን ወኪል በድምፅ እንዲልኩ ፈቀደ።

ይሁንና ከንቲባውን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ በምክር ቤቱም ከተመራጮቹ ጎን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወኪሎች ይቀመጣሉ። ከዚህ የበለጠው ችግር ግን መራጩ ማን ነው የሚለው ነበር። መራጩ በከተማው ውስጥ ንብረት ያለው ሰው ነው። የዘመኑን አዲስ አበባ አስቡት። መሬቱ በጥቂት መሳፍንት፣ መኳንንት፣ ቤተ ክርስቲያንና ባለጸጋ እጅ ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ ጭቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሠራተኛ፣ ጉሊት ነጋዴ፣ ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ ነው። ያ ሁሉ ሰው ድምፅ አልነበረውም። እንግሊዞች በ1835 የጀመሩበት ነጥብ ላይ እኛም በ1954 ጀመርን። ልዩነቱ እነርሱ ከዚያ እየሰፉ ሄዱ፤ እኛ ዘንድ ግን ለመስፋት ጊዜ አልተገኘም፤ ወይም የሚያሰፋ አልተገኘም።

በቸርችል ጎዳና አናት ላይ የቆመው፣ ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ1957 ዓ.ም. ተመረቀ። በሙያ ዓይን ሳየው እስከ ዛሬ የሚያኮራ ሕንፃ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለምክር ቤት ያን የመሰለ አዳራሽ ስንሠራ፣ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ የሚናገር ተከራይ አልነበረንም።

ታዲያ ያ ድምፅ የሌለው ሕዝብ ዝም ብሎ ተቀመጠ? አልተቀመጠም። እድር ነበረው። እድር መቅበሪያ ብቻ ነው የሚል ካለ ሰፈሩን አላወቀም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፣ ገንዘብ የጎደለበት ይጠየቃል፣ ዳኛው ከከፋ በሚቀጥለው ስብሰባ ይወርዳል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ በመዝገብ የተያዘ የጋራ ንብረት ነው። አከራይና ተከራይ፣ ጉራጌና አማራ፣ ኦሮሞና ዶርዜ በአንድ እድር ይቀመጣሉ፤ ወርኃዊ መዋጮውም አንድ ነው። በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዓ.ም. የሰፈር እድሮች መንገድ በማስጠረግ፣ ቦይ በማስቆፈር፣ ጥበቃ በመቅጠር ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር መሥራት ጀምረው ነበር። መንግሥትም ማየቱ አልቀረም፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ማኅበር ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ። እንግዲህ የከተማ ዴሞክራሲ ለእኛ ባዕድ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። አዲስ አበባ በየሠፈሩ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የተመረጡ ምክር ቤቶች ነበሯት። የጎደለው በነዚህና በቸርችል ጎዳናው አዳራሽ መካከል የሚዘረጋ ደረጃ ነው።

ያን ደረጃ ደርግ ሠራው። ሠራውና ሰዎችን ገፍትሮ ጣለበት።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ ዐዋጅ ቁጥር 47 የሚባለው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግማሾቻችን ቤት የተወረሰብን፣ ግማሾቻችን ቤት የተሰጠን ነን። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዐዋጁ ሁለተኛ ፊት ነው፤ ዐዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን፣ የፈጠረ ዐዋጅ ነው። በአንድ ቀን ተገለበጠ። ድምፅ ያልነበረው ተከራይ መራጭ ሆነ፤ ትርፍ ቤት የተወረሰበት ባለንብረት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች ታገደ። የቤት ኪራይ ተቀነሰ፤ እስከ መቶ ብር የሚከራየውን ቤት ቀበሌው ራሱ ያስተዳድር፣ ኪራዩን ራሱ ይሰብስብ፣ ገንዘቡን ለሰፈሩ ልማት ያውል ተባለ። የራሱ ፍርድ ሸንጎ ተሰጠው። ለሁለት ዓመት ያህል፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቀበሌው ሠርቷል። የጋራ መጸዳጃ ቆፍሯል፣ መዋዕለ ሕፃናት ከፍቷል፣ መሠረተ ትምህርት አስተምሯል፣ የሸማቾች ሱቅ አቋቁሟል። ገቢ ያለው፣ ሥልጣን ያለው፣ በሰፈር ሰው የተመረጠ አካል በኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ያኔ ታየ።

ከዚያ ያው ቀበሌ ጠመንጃ ታደለው። በ1969 ዓ.ም. የአብዮት ጥበቃው አሰሳ እያካሄደ ቤት ለቤት ወጣት ይለቅም ጀመር። ኢሕአፓም በበኩሉ የቀበሌ ሊቀ መናብርትን ይገድል ነበር፤ ይህንንም አለመጻፍ አይገባም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ እስር ቤት ሆነ። የሰፈሩን ሰው በስም፣ በቤት ቁጥር፣ በልጆቹ ብዛት የሚያውቀው አካል፣ ያንን እውቀት ለግድያ አዋለው። የእኔ ትውልድ «ቀበሌ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚሰቀጥጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ማለት ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

በ1983 ኢሕአዴግ ሲገባ ቀበሌን አላፈረሰም። ስንት ነገር ያፈረሰ መንግሥት ይህቺን ብቻ ለምን ተዋት? ጠቃሚ ስለሆነች ነው። መታወቂያ፣ የቀበሌ ቤት፣ ስኳርና ዘይት፣ ለሥራ ፈላጊ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። በወረቀት ላይ ደግሞ ነገሩ ያማረ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል፤ በዚያው አንቀጽ የከተማው መስተዳድር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ላሚቱ ወደ ምድር ቀርባ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ሌሊት ተሰልፎ መረጠ። ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ታጩ። በአዲስ አበባ ታሪክ ንብረት ያለውም የሌለውም እኩል ድምፅ ሰጥቶ፣ ገዢው ሳይሆን ራሱ የፈለገውን ምክር ቤት የመረጠበት የመጀመሪያው ቀን ነው። የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የሰኔው ተኩስ፣ በምርጫ ውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ፣ ተሰናባቹ ፓርላማ የቀየረው የአሠራር ደንብ፣ የቅንጅት ወደ ፓርላማ አንገባም ውሳኔ፣ የጥቅምቱ ተኩስ፣ የመሪዎቹ እስር። አጣሪ ኮሚሽኑ የሟች ሲቪሎችን ቁጥር 193 ብሎ አስቀምጧል።

ስለ ፓርላማው የተደረገው ክርክር በዚህ ድረ ገጽም በሌሎችም ተደክሞበታል፤ አልመለስበትም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የከተማው ምክር ቤት ለምን ከፓርላማው ጋር በአንድ ገመድ ታሰረ? በፓርላማው ቅንጅት አናሳ ነበር፤ ቢገባም አጀንዳ የማስያዝ ጉልበት አልነበረውም። በአዲስ አበባ ግን ከ138 ወንበር 137 ይዟል። ሁለቱ በሒሳብ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። በአንዱ መግባት ማጀብ ነው ቢባል፣ በሌላው መግባት መረከብ ነው። ያኔ ከውጭ የነበረው ድምፅ፣ ከዋሽንግተን እስከ ኦክላንድ፣ በአብዛኛው «አትግቡ» የሚል ነበር፤ በቴሌኮንፈረንሱም በአደባባዩም ሁለቱን ለይቶ የጠየቀ ሰው እምብዛም አልተሰማም። ዓይናችን ወደ ላይ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ቤተ መንግሥቱን ስናይ ማዘጋጃ ቤቱ አልታየንም።

የሚሰጠውን መልስ አውቃለሁ። «ቢረከቡስ በጀቱን ማን ይሰጣቸው ነበር? ፖሊሱን ማን ያዛቸው ነበር? በስድስት ወር ሰበብ ተፈልጎ ይበተኑ ነበር።» ምናልባት። ግን የሕዝብ ምክር ቤት ሥራ ጀምሮ ሲበተንና ሳይጀምር ሲቀር ታሪኩ አንድ አይደለም። ስድስት ወር የተሰበሰበ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ይተዋል፤ የበጀት ሰነድ ይተዋል፤ ከየወረዳው የመጣ 137 ሰው አጀንዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሹም እንዴት እንደሚጠየቅ ተምሮ ይወጣል። የጠፋው ይኸኛው ትምህርት ነው። ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ዴሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተደረገ። ውጤቱን ላላስታወሰ ላስታውስ፤ በአዲስ አበባ ኢሕአዴግ ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ። ቁጥሩ ራሱ ነው፤ ሰው ብቻ ተገለበጠ። ከዚያ ምርጫ በፊት መንግሥት አንድ ብልህ ሥራ ሠርቶ ነበር። አሥራ አምስት ገደማ ሰው የነበረበትን የቀበሌ ምክር ቤት እስከ ሦስት መቶ ሰው እንዲይዝ አሰፋው። በዚህ ምክንያት በመላ አገሪቱ የሚሞሉት የአካባቢ ወንበሮች ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ያን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችል ፓርቲ አንድ ብቻ ነው። ወንበሩ ሲበዛ ሸንጎነቱ ጠፋና የአባላት መዝገብ ሆነ። በምሕንድስና ቋንቋ፣ መለኪያውን መስበር ሳያስፈልግ እስከማይነበብ ድረስ መለጠጥ ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ2010 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ዘመን አለቀና ያለ ምርጫ ተራዘመ። የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን እንዲመራ ቻርተሩ በፌዴራሉ ፓርላማ ተሻሻለ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማም በምክትል ከንቲባ ስም ከተማዋን መሩ። ነዋሪው ዳግም ድምፅ የሰጠው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው።

አሁን ግን አንባቢ አሜሪካንን እያመለክሁ መስሎት እንዳይስት፣ ስለ ፕሌዘንተን ያልነገርኩትን ልንገር። ይህቺ አጀንዳ የምትለጥፍ፣ ሁሉን የምታናግር ከተማ፣ በ1996 በነዋሪዎቿ ድምፅ አንድ ውሳኔ አጽድቃ ነበር። በከተማዋ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ከ29,000 እንዳይበልጥ የሚል ገደብ ነው። መኖሪያ ሲገደብ መሥሪያ ቤት ግን አልተገደበም። በ1980ዎቹ የተከፈተው ሃሲየንዳ የተባለው ሰፊ የቢሮ መንደር በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያስገባል፤ ቢሮውን የሚያጸዳው፣ ምግቡን የሚያበስለው፣ በሽተኛውን የሚያስታምመው ሰው ግን ሌሊት ሌላ ከተማ ሄዶ ያድራል። የእኛም ሰዎች አሉበት። ከትሬሲና ከስታክተን ገና ሳይነጋ የሚነሡ፣ ከኦክላንድ በባርት የሚመጡ።

ይህ ሁሉ የተደረገው በር ሳይዘጋ፣ አጀንዳው ተለጥፎ፣ በንጹሕ የሕዝብ ድምፅ ነው። ችግሩ ድምፅ የሚሰጠው እዚያ የሚኖረው ሰው መሆኑ ነው፤ እዚያ እንዳይኖር የተከለከለው ሰው በምን ድምፁ ይከራከር? የ1954ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር ትዝ ይበላችሁ። እዚያ ባለንብረቱ በሕግ ብቻውን መረጠ፤ እዚህ በቤት ዋጋ ብቻውን ቀረ። በ2006 ኧርባን ሃቢታት የተባለ የኦክላንድ ድርጅት ከተማዋን ከሰሰ። ጄሪ ብራውን፣ ያኔ የክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት፣ ከከሳሽ ጎን ቆሙ። በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. የአላሚዳ አውራጃ ዳኛ ፍራንክ ሮሽ ገደቡ ከካሊፎርኒያ የቤት ሕግ ጋር ይጋጫል ብለው ሻሩት፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት ተስማምታ ለአፓርታማ የሚሆን ቦታ ከለለች። ከ2023 እስከ 2031 ባለው ዘመን ደግሞ ለ5,965 መኖሪያዎች ቦታ እንድታዘጋጅ ተመድቦባታል። በየስብሰባው የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ ግን ዕቅዱ ይሠራል። ትንሹ ሸንጎ ብቻውን ሲተው የጎረቤቶች ዕድርተኝነት ይሆናል፤ ከበላዩ ነፃ ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል። ከበላዩ የሚቆመው ፓርቲ ሲሆን ግን ሸንጎነቱ ራሱ ይቀራል። ሁለቱን ለይቶ ማየት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀላል አልሆነልንም፤ ያለ ምክንያትም አይደለም፤ ከበላይ የመጣ ነገር ሁሉ ሲጨፈልቀን ኖሯል።

ወገኖቻችን ወደ እነዚህ ምክር ቤቶች መግባት ጀምረዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት የፌርፋክስን ጎዳና አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም፣ ሥራው የተሠራው ባለምግብ ቤቶች በየቢሮው ደጅ ጠንተው ነው። በዋሽንግተን በ2005 ተመሳሳይ ሐሳብ ሲነሣ የሾው ሰፈር ነባር ጥቁር አሜሪካውያን «የእኛስ ታሪክ?» ብለው ተቃወሙ፤ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ከመጠየቃችን በፊት ማነጋገር ነበረብን። በ2019 ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሱዳን ውስጥ የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ በሲያትል ዙሪያ ለኪንግ አውራጃ ምክር ቤት ተመረጠ። በ2020 ደግሞ ከጋምቤላ ተሰዶ የመጣው ኦባላ ኦባላ በሚኒሶታ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ። ኦስቲን በፋብሪካዋ ሠራተኞች የምትኖር አነስተኛ የሥጋ ማቀነባበሪያ ከተማ ናት። የአኙዋኩ ልጅ እዚያ ስለ በረዶ ጠረጋ ድምፅ ለመስጠት ሲበቃ፣ የተሰደደባት አገር የወረዳ ሹም በማን እንደሚጠየቅ አሁንም ግልጽ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ተብሎ ፒያሳ ስትፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። መንገድ አይሰፋ፣ ቱቦ አይቀበር የሚል መሐንዲስ የለም፤ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ለኑሮ የማይመቹ እንደነበሩም እናውቃለን። ምትክ ቤት ያገኘም አለ። የሚያስጨንቀው በቀደሙት ወራት ያልታየው ነገር ነው። የተለጠፈ አጀንዳ፣ የተጠራ የሰፈር ስብሰባ፣ ተነሥቶ «የእኔ ቤት ለምን?» የሚል ሰው፣ ቃሉን የሚጽፍ ጸሐፊ። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባዎች አሉት፣ አባላትም አሉት፤ ግን አንድ የዶሮ ማነቂያ ነዋሪ ወኪሌ ብሎ የሚያውቀውና ቤቱ ሳይፈርስ በፊት የሚያገኘው ሰው እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት ለማየት አልታደልንም።

ፈረሳው ሲካሄድ ከሰፈሩ ጋር የተበተነው እድሩ ነው። ቤት የተመደበላቸው አባላት ወደ ከተማዋ የተለያየ ዳር ሄዱ፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱንና መዝገቡን ማን ይውሰድ የሚለው በየሰፈሩ ጥያቄ ሆነ። አንዳንዱ እድር ንብረቱን ሽጦ ገንዘቡን ለአባላቱ አካፈለ። አንዳንዱ ደግሞ መዋጮውን አሁንም ይሰበስባል፤ ሰው ሲሞት ከሃያ ኪሎ ሜትር በታክሲ ይመጣሉ፤ የቀረም እንደ ድሮው ይቀጣል።